ምዕራፍ ሦስት፦ መናገሻዋ ከመቆሟ በፊት፤ ከወረታ እስከ ጎንደር

ስለ ጎንደር የተጻፉ መጻሕፍት አብዛኞቹ ነገራቸውን የሚጀምሩት ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. በቀሐና በአንገረብ ወንዞች መካከል ባለው ኰረብታ ላይ መናገሻቸውን ከቆረቆሩበት ጊዜ ነው፤ እንግዳውም ቢሆን በአዘዞ ከአውሮፕላን ወርዶ በቀጥታ ወደ ፋሲል ግቢ ስለሚሄድ፣ ከዚያ ዘመን በፊት በሀገሩ ግንብም ግንበኛም ያልነበረ፣ ከተማይቱም አባትና እናት ሳይኖራት በአንድ ንጉሥ ፈቃድ ብቻ በድንገት የተወለደች ይመስለዋል። በእኔ አስተያየት ግን ጎንደርን በሚገባ ለማየት የሚሻ ሰው ጉዞውን ከጎንደር መጀመር የለበትም። ከባሕር ዳር ስልሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ በሚለያይበት ቦታ ላይ ከተቀመጠችው ከወረታ ቢነሣ፣ መናገሻይቱ ከመቆሟ በፊት ነገሥታቱ ከሰባ ዓመት በላይ በጣና ምሥራቅ ዳርቻ ከአንዱ ኰረብታ ወደ ሌላው እየተዛወሩ ግንብ መገንባትን፣ በአንድ ስፍራ ጸንቶ መቀመጥንና ብዙ ሕዝብ መመገብን እንዴት እንደ ተለማመዱ መንገዱ ራሱ ያስረዳዋል። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ወረታ ራሷ የነገሥታት ከተማ አይደለችም፤ ግንብም፣ ስመ ጥር ፍርስራሽም አይፈለግባትም። ዛሬ የፎገራ ወረዳ ርእሰ ከተማ ሆና የምትታወቀው በገበያዋ፣ በከባድ መኪና ማቆሚያዋና ከመከር በኋላ ቀኑን ሙሉ በሚያጓሩት የሩዝ መፈልፈያዎቿ ነው። ከከተማይቱ ወጣ ብሎ የሚታየው ሜዳ ግን ከቤተ መንግሥት የማይተናነስ ታሪክ አለው። ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ የሚወርዱት ርብና ጉማራ፣ ጥቁሩን አፈር ከደጋው እየጠረጉ፣ በሐምሌና በነሐሴ ከዳር እስከ ዳር እየሞሉ፣ ሜዳውን አጥለቅልቀው ወደ ጣና ይገባሉ፤ ውኃው በመስከረም ሲጐድል መሬቱ እርጥበቱን እንደ ያዘ ስለሚቀር ገበሬው ሽምብራውንና ጓያውን ያለ ዝናብ ይዘራበታል፤ በወተቷ የተመሰገነችው የፎገራ ላምም ከዚሁ ሜዳ ሣር የተገኘች ናት። ሩዙ የቅርብ ጊዜ እንግዳ ነው፤ በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ተሞክሮ፣ ቀድሞ በክረምት ከውኃ በታች ሆኖ ይባክን የነበረውን መሬት ባለ ዋጋ ስላደረገው፣ ዛሬ የፎገራ ስም በገበያ የሚጠራው ከላሟ ይልቅ በሩዙ ሆኗል። ይህን ሁሉ ያደረገው ጎርፍ ግን ሁልጊዜ ቸር አይደለም፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ከልክ አልፈው ብዙ ቤተሰብ ከቀዬው ማፈናቀላቸውን የአካባቢው ሰው አልረሳውም።

ይህ የክረምት ጎርፍ ከመናገሻ ከተማ ጋር ምን ያገናኘዋል ቢሉ፣ እጅግ ያገናኘዋል። በመካከለኛው ዘመን የነበረው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መኖሪያው ድንኳን፣ ከተማውም ሰፈር ነበር፤ በጋውን ሠራዊቱን አስከትሎ ከአውራጃ ወደ አውራጃ እየዞረ፣ ዳኝነት እየሰጠ፣ ግብር እየሰበሰበ፣ የሸፈተውን እየወጋ ይከርምና፣ ዝናቡ ሲበረታ፣ ወንዙም አላሻግር ሲል፣ ጭቃውም በቅሎና ጋማ ከብት ሲያሰምጥ፣ ከአንድ ደህና ስፍራ ሰፍሮ እስከ መስከረም ይቀመጣል። በዜና መዋዕሎቻችን ንጉሡ የት እንደ ከረመ ከዓመት ዓመት በጥንቃቄ የሚመዘገበው ስለዚህ ነው። ያ የክረምት ሰፈር እህልና ሥጋ ከቅርብ የሚገኝበት፣ ከንዳድና ከረግረግ ከፍ ያለ፣ ለጠላትም የማይመች መሆን ነበረበት። ንጉሡ በአንድ ቦታ ሦስትና አራት ክረምት ደጋግሞ ከቆየ፣ ድንኳኑ ቤት፣ ቤቱም ግንብ፣ ሰፈሩም ገበያና ቤተ ክርስቲያን ያለው ከተማ ወደ መሆን ያዘነብላል። ከፎገራና ከደንቢያ ሜዳ ከፍ ብለው ጣናን ቁልቁል የሚያዩት ኰረብታዎች እነዚህን ሁሉ አሟልተው ይሰጡ ነበር።

መንግሥቱ ወደዚህ አካባቢ ያዘነበለበት ምክንያት ግን ምቾት ብቻ አልነበረም። በኢማም አሕመድ ጦርነት ሸዋና አምሐራ የነበሩት የቀድሞ የነገሥታት መቀመጫዎችና ታላላቅ አድባራት ተቃጥለው ነበር፤ ኢማሙም በ1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ ጦር ላይ ከወደቁ በኋላ፣ በደቡብና በምሥራቅ የኦሮሞ ሕዝብ መስፋፋት ስለ ቀጠለ፣ የመንግሥቱ ማዕከል ቀስ በቀስ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ጣና ዙሪያ አፈገፈገ። በ1555 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ሠርፀ ድንግል በእንፍራዝ አካባቢ መክረም ያዘወተሩት በዚህ ጊዜ ነው።

ከወረታ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ርብን በድልድይ ተሻግሮ ብዙም ሳይሄድ ይፋግን ያገኛል። ዛሬ መንገደኛው ሳይቆም የሚያልፋት ይህች ትንሽ ከተማ፣ በአሥራ ስምንተኛውና በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ስሟ በነጋዴ አፍ የሚመላለስ ገበያና የኬላ በር ነበረች፤ አሞሌ ጨው የጫነው ሲራራ ነጋዴ ከዚህ እየቀረጠ ያልፍ ነበር፤ በአካባቢዋም የወይን ተክል እንደ ነበረ የውጭ ተጓዦች ጽፈዋል። መናገሻ ከተማ የሚኖረው በንጉሥ ትእዛዝ ብቻ ሳይሆን እንደ ይፋግ ባሉ ገበያዎችም እንደ ሆነ ማስታወስ ደግ ነው፤ ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ስለ ዙፋን የሚያጠፉትን ቀለም ያህል ስለ ገበያ ቢያጠፉ ኖሮ ስለ ጎንደር የምናውቀው ይሰፋ ነበር።

አዲስ ዘመንን አልፎ መንገዱ ወደ ላይ ሲወጣ፣ እንፍራዝ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በስተቀኝ በኰረብታው ጫፍ ላይ የጉዛራ ግንብ ይታያል። ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ1560ዎቹ አካባቢ እንዳሠሩት የሚነገርለት ይህ ቤተ መንግሥት፣ አራት ማዕዘን ሆኖ ባለ ደርብ፣ ከማዕዘኖቹም ላይ ክብ ግንብ የተጨመረበት ነው፤ ከፍርስራሹ ላይ ቆሞ ወደ ምዕራብ ለሚመለከት ሰው፣ ታች ሜዳው፣ ከሜዳውም ማዶ ጣና እስከ ዐይን መድረሻ ተዘርግቶ ይታየዋል። ንጉሡ ይህን ቦታ ለምን እንደ መረጡ ሌላ ማስረጃ መፈለግ አያሻም፤ እህሉና ከብቱ የሚመጣው ከእግራቸው ሥር፣ ንዳዱና ጎርፉ ግን ከእነርሱ የራቀ ነበር።

ጉዛራ የቆመበት ዘመን አንድ የቆየ ክርክር ስለሚፈታ ጥቂት ልቆምበት እወዳለሁ። የጎንደርን ግንቦች የሠሩት ፖርቱጋሎች ናቸው የሚለው አነጋገር ከአውሮፓ ተጓዦች ጀምሮ እስከ ዛሬው የመንገድ መሪ ድረስ በብዙ ሰው አፍ ይገኛል። ነገሩን በዓመት ብንመዝነው ግን አይጸናም። ግንብ በማሠራት ስሙ የሚነሣው የኢየሱሳውያን መምህር ጴጥሮስ ፓኤዝ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1595 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ ዐፄ ሠርፀ ድንግል ከሞቱ ዓመታት አልፈው ነበር። በሌላው ወገን ደግሞ ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክ ሃይማኖትን ተቀብለው ሀገሩን በደም ካራጩ በኋላ፣ በ1624 ዓ.ም. ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ሲለቁ፣ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን ከሀገር አባረዋቸዋል፤ ጎንደር የተቆረቆረችው እነርሱ ከወጡ በኋላ ነው። እንግዲህ ፓኤዝ ከመምጣቱ በፊት ግንብ ነበረ፤ መነኮሳቱ ከሄዱም በኋላ ግንብ ተሠራ። ይህን ስል የውጭ እጅ ጨርሶ አልነበረበትም ማለቴ አይደለም፤ በ1533 ዓ.ም. ከክርስቶፎር ደጋማ ጋር ከመጡት ወታደሮች ተርፈው በሀገሩ የቀሩና ልጅ የወለዱ ነበሩ፤ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመንም ከሕንድ የመጣ ግንበኛ እንደ ሠራ ተጽፏል፤ ከባሕር ማዶ ከቱርኩም ከዐረቡም የተቀዳ ጥበብ ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ከየትም የመጣ ዕውቀት ቢሆን የዚህን ሀገር ድንጋይ ጠርቦ የተከለው የዚህ ሀገር ሰው ጉልበትና የንጉሡ ፈቃድ ነው፤ ከጉዛራ ማዕዘን ላይ ያለውን ክብ ግንብ አይቶ ወደ ፋሲል ግንብ የሚሄድ ሰው ዘመዳሞች መሆናቸውን ለመለየት የሥነ ሕንጻ ሊቅ መሆን አያስፈልገውም።

እንፍራዝ ከተማዋም ቢሆን ጎንደር ከተሠራች በኋላ ወዲያው አልጠፋችም። በ1691 ዓ.ም. ዐፄ ኢያሱን ለማከም ወደ ጎንደር የመጣው ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ፣ እንፍራዝ ከጎንደር ብታንስም በአቀማመጧና በቤቶቿ አሠራር ይበልጥ ያማረች መሆኗን፣ የዝባድና የባሪያ ንግድም የሚካሄድባት መሆኗን ጽፏል፤ ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀው ግን ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን በግልጽ የሚፈጽሙባት፣ ቤታቸውም ከክርስቲያኑ ቤት ጋር ተቀላቅሎ የሚገኝባት ከተማ መሆኗ ነው። በጎንደር ግን በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች በተለየ ሰፈር እንዲኖሩ ተወስኖ ነበር። ታላቂቱ ከተማ የለያየችውን ታናሺቱ አንድ አድርጋ መያዟ፣ የንግድ ልማድ ከጉባኤ ውሳኔ ይልቅ ለዘብ ያለ መሆኑን ያሳያል። «ሐተታ ዘዘርአ ያዕቆብ» የተባለው የፍልስፍና መጽሐፍም ባለታሪኩን ያኖረው፣ ያስተማረውና ያስረጀው በዚችው በእንፍራዝ ነው፤ መጽሐፉ በእርግጥ የዚያ ዘመን ነው ወይስ ኋላ የተደረሰ ነው የሚለው የሊቃውንት ሙግት ገና አልተዘጋም፤ ሆኖም ደራሲው ማንም ይሁን ማን፣ ለነጻ አሳብ የሚስማማ ከተማ ሲፈልግ እንፍራዝን መምረጡ በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ከሠርፀ ድንግል በኋላ ያሉትን ፈጥነን እንለፋቸው። ዐፄ ሱስንዮስ በቆጋ፣ በጎርጎራ፣ በደንቀዝና በአዘዞ ተቀምጠዋል፤ በጎርጎራና በደንቀዝ ፍርስራሹ ዛሬም አለ። የጎንደር ነገሥታትም ቢሆኑ መናገሻቸውን ካጸኑ በኋላ የዘመቻውንና የክረምቱን ልማድ ፈጽመው አልተዉም፤ በበጌምድር ያለው አሪንጎ ደጋግመው የሚቀመጡበት ቤተ መንግሥት ነበር። ስለ ሕይወታቸው ብቻ ሳይሆን ስለ ሞታቸውም ጣና ድርሻ አለው፦ ዐፄ ፋሲለደስ በዳጋ እስጢፋኖስ፣ ዐፄ ኢያሱ ደግሞ ከእንፍራዝ ዳርቻ ማዶ በምጽራሐ ደሴት ተቀብረዋል።

የጎንደርን ምርጫ በተመለከተ ሕዝቡ የሚተርከው ሌላ ነው፤ መናገሻይቱ ስሟ በ«ገ» ቤት ፊደል የሚጀምር ስፍራ ላይ እንድትሆን ትንቢት ስለ ነበረ ነገሥታቱ ጉዛራን፣ ጎርጎራን፣ በመጨረሻም ጎንደርን ሞከሩ፤ ፋሲለደስንም አንድ ጎሽ እየመራ ከቦታው አደረሳቸው ይባላል። ትረካው ደስ ይላል፤ ደግሞም ከተማይቱ የብዙ ሙከራ መጨረሻ መሆኗን ሕዝቡ ሳይማር ማወቁን ስለሚያሳይ አልንቀውም።

አሁን ወደ ከተማይቱ እንግባ። ፋሲል ግቢ ዙሪያውን ዘጠኝ መቶ ሜትር ያህል በሆነ ቅጥር የታጠረ፣ አሥራ ሁለት በሮች ያሉት ነው፤ የበሮቹን ስም ብቻ የሰማ ሰው የቤተ መንግሥቱን ሥርዓት ግማሹን ያውቃል፤ ፊት በር፣ ወምበር በር፣ ተስካሮ በር፣ እምቢልታ በር፣ ባልደራስ በር፣ ራስ በር፣ እርግብ በር፣ ቋሊ በር እየተባሉ፣ ዳኛውም፣ እምቢልተኛውም፣ ፈረስ ጠባቂውም የየራሳቸው መግቢያ ነበራቸው። ወደ ውስጥ ሲዘልቁ ፊተኛው የፋሲል ግንብ ነው፤ ቁመቱ 32 ሜትር ያህል ሆኖ፣ አራት ክብ ማማዎች በየማዕዘኑ ቆመው፣ በላያቸው እንደ እንቍላል የሾለ ጉልላት ደፍተው፣ ከሰገነቱ ላይ ሆኖ ጣናን በጠራ ቀን ለማየት እንዲቻል ተደርጎ የተሠራ ነው። ከአጠገቡ የዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ቤተ መጻሕፍት፣ በዝሆን ጥርስና በመስተዋት ያጌጠ እንደ ነበር የሚነገርለት የዐፄ ኢያሱ ግንብ፣ የዐፄ ዳዊት የመዝሙር አዳራሽ፣ የዐፄ በካፋና የእቴጌ ምንትዋብ ሕንጻዎች ይከተላሉ፤ እያንዳንዱ ንጉሥ የአባቱን ቤት ወርሶ በመቀመጥ ፈንታ የራሱን መጨመሩ፣ በድንኳን ዘመን በየክረምቱ አዲስ ሰፈር ከመትከል ልማድ የወረደ ይመስለኛል። ግቢው በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ከግቢው ውጭ ሦስት ቦታዎችን ማየት ግዴታ ነው። ጥምቀት የሚከበርበት የፋሲል መዋኛ፣ በዐፄ ኢያሱ ዘመን በ1686 ዓ.ም. የተመሠረተው፣ ጣራው የመላእክት ገጽ በተሳለበት ሰሌዳ የተሸፈነው ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ እንዲሁም እቴጌ ምንትዋብ ከከተማይቱ ወጣ ብለው ያሠሩት ቍስቋም። በ1762 ዓ.ም. የመጣው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከእቴጌይቱ ጋር የተዋወቀው በቍስቋም ነበር።

ነገር ግን ጎንደር ድንጋይ ብቻ አይደለችም፤ ከድንጋዩ የሚበልጠው የጉባኤ ቤቷ ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ ፎገራ እንደገና ይመጣል። በቀልዳቸውና በፈጣን መልሳቸው ሕፃን አዋቂው የሚያውቃቸው አለቃ ገብረ ሐና የተወለዱት በፎገራ በናበጋ ጊዮርጊስ ነው። ሰው የሚያስታውሳቸው ስለ ሳቁ ነው እንጂ፣ በጎንደር በበዓታ ያስተማሩ ታላቅ የአቋቋም ሊቅ ነበሩ፤ የጣናን ሞገድና የቄጠማውን መወዛወዝ እያዩ አዲስ የዝማሜ ስልት እንዳወጡ ይተረካል። የጎንደር መዘምራን ስልቱን አንቀበልም ስላሉ፣ ልጃቸው ተክሌ ወደ ደብረ ታቦር ወስዶ አስተማረበት፤ «የተክሌ አቋቋም» ተብሎ እስከ ዛሬ በብዙ አድባራት የሚዜመውም ይኸው ነው። ከሜዳው የወጣው ሊቅ መናገሻይቱ ያልተቀበለችውን ውበት በሌላ በኩል ለሀገሩ አዳረሰ።

የጎንደር ውድቀት ረጅም ነበር። ከ1761 ዓ.ም. በኋላ በዘመነ መሳፍንት ነገሥታቱ በግንቡ ውስጥ ስም ብቻ ይዘው ሲቀመጡ፣ ሥልጣኑ ከወረታ በስተምሥራቅ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትገኘው ወደ ደብረ ታቦር ዞረ፤ ራስ ጉግሣ ያቋቋሟት ይህች ከተማ የየጁ መሳፍንት መቀመጫ፣ ኋላም የዐፄ ቴዎድሮስ መናገሻ ሆነች፤ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራበት ጋፋትም ከዚያው አጠገብ ነው። በወረታ መስቀለኛ ላይ መንገዱ ወደ ሁለት መናገሻ መከፈሉ እንግዲህ የመሐንዲሶች አሳብ ብቻ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ዘርፈው አቃጠሉ፤ በጥር 1880 ዓ.ም. ደግሞ ደርቡሾች ገብተው ከአድባራቱ አብዛኞቹን አነደዱ፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያዳነው ከቅጥሩ የወጣ የንብ መንጋ እንደ ሆነ ካህናቱ ይናገራሉ። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ተቆርቁራ ነበር። ጣልያኖችም ጎንደርን የመጨረሻ ምሽጋቸው አድርገው እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ስለ ተዋጉባት፣ ግንቦቹ የአውሮፕላን ቦምብ ሳይቀምሱ አልቀሩም።

ከወረታ እስከ ጎንደር ያለው መንገድ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በማለዳ የተነሣ መንገደኛ ይፋግን፣ ጉዛራንና እንፍራዝን አይቶ ሳይመሽ ከተማይቱ ለመግባት ይችላል። ጊዜ ቢመርጥ፣ ሜዳው ገና አረንጓዴ፣ ወንዙም የጠራ በሚሆንበት በጥቅምትና በኅዳር፣ ወይም ጥምቀትን ለማየት ካሰበ በጥር ይጓዝ። ወደ ጎንደር በአውሮፕላን የሚሄደውም ቢሆን፣ ከሚቆይበት ቀን አንዱን ከፍሎ ወደ ደቡብ ወደ ጉዛራ ይመለስ፤ አስጐብኚዎቻችንም እንግዳውን ከፋሲል ግቢ ደጃፍ አውርደው ከመሸኘት ይልቅ ወደዚያ ኰረብታ መውሰድን እንዲለምዱ አደራ እላለሁ።